ድንበር ተሻጋሪ የመብት ሙግትን ከጎንደር ሆኖ ማጥናት፦ መነሻው ድርጅቱ ይሁን ወይስ ቤተሰቡ?

ጥያቄ፤ ከማራኪ ግቢ ተማሪ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የሚሆን የጥናት ንድፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ሊባኖስ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ሴቶችን መብት ለማስከበር ድንበር ተሻግሮ የሚካሄደው ሙግት በአገራችን ማኅበራዊ ፖሊሲ ላይ ለውጥ አምጥቷል ወይ?

የምቸገረው በንድፈ ሐሳቡ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ የሚነሳው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራኑ ማርጋሬት ኬክና ካትሪን ሲኪንክ እ.ኤ.አ. በ1998 ካቀረቡት ሐሳብ ነው። በእነርሱ አገላለጽ የገዛ መንግሥታቸው በሩን የዘጋባቸው ቡድኖች አቤቱታቸውን ወደ ውጭ አጋሮች ይወስዳሉ፤ አጋሮቹም በሌሎች መንግሥታትና በዓለም አቀፍ ተቋማት በኩል ዞረው ያንኑ መንግሥት ይጫኑታል። በጎንደር ከተማ ለቅድመ ጥናት ያነጋገርኳቸው ተመላሾች ግን የማኅበርም ሆነ የድርጅት ስም አላነሱልኝም። ደመወዟ የተያዘባት ሴት የምትደውለው ለእኅቷ ነው፤ እኅቷ ለደላላው ትደውላለች፣ ደላላው ለኤጀንሲው ይደውላል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ወይ በዘመድ ገንዘብ ይዘጋል ወይ ተድበስብሶ ይቀራል። ይህን የመብት ሙግት ልለው እችላለሁን? ካልቻልኩ ደግሞ ጥናቴ ጎንደርን ትቶ አዲስ አበባ ባሉ መሥሪያ ቤቶችና በጄኔቫ ስብሰባዎች ላይ ሊያተኩር ነው፤ እኔ ይህን አልፈልግም። በተጨማሪ በመተማ በኩል በየብስ የሚወጡትን በዚሁ ጥናት ላካትታቸው ወይስ ለሌላ ተመራማሪ ልተዋቸው? ልምድ ያላችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ፤ ከአንድ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መምህር

ማዕቀፉ ለእርስዎ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አይሆንም፤ ይህ ግን ጥናትዎን የሚያዳክም ሳይሆን መነሻ የሚሰጠው ነው። ኬክና ሲኪንክ ባሰቡት ሁኔታ ተበዳዩም በሩን የዘጋው መንግሥትም በአንድ አገር ይገኛሉ። እዚህ ግን በሩን የሚዘጋው የተቀባዩ አገር ሕግ ሲሆን የላኪው አገር መንግሥት ሁለት ቦታ ይቆማል፦ በአንድ በኩል የዜጎቹ ጠበቃ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ራሱ አቤቱታ ይቀርብበታል። ሁለቱን ቦታዎች ለይቶ የማያሳይ ጥናት ከመግለጫ ስብስብ አያልፍም።

የቅርቡን ታሪክ ይመልከቱ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ። ብዙም ሳይቆይ ሳዑዲ ዓረቢያ በጅምላ ማስወጣት ጀመረች፤ በጥቂት ወራትም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እገዳው የተነሳው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ኤጀንሲው ከውጭ አሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ እንዲሆን፣ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን ዋስትና እንዲያስይዝ፣ የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪም በአሠሪው እንዲሸፈን ደንግጓል። እንግዲህ እኅቷ ለደላላው የደወለችው ስልክ በሕጉ ዓይን ሲታይ እስከዚያ ዋስትና ድረስ ሊዘልቅ የሚችል ጥያቄ ነው። በተግባር የሚቋረጠው የት ላይ ነው? ቀበሌ ላይ ነው፣ የከተማው ሥራና ክህሎት መምሪያ ላይ ነው ወይስ ወደ ኤጀንሲው ከመድረሱ በፊት? የእኔ ምክር የጥናትዎ አሃድ ድርጅትም ቤተሰብም ሳይሆን አንድ ጥያቄ ይሁን የሚል ነው። ለምሳሌ ያልተከፈለ ደመወዝን ይውሰዱና ከተነሳበት ቤት እስከቆመበት ጠረጴዛ ድረስ ይከተሉት።

ማኅበራዊ ፖሊሲን ካነሱ አይቀር አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ተሟጋቾች ዘወትር የሚያነሱት የባሕረ ሰላጤው አገሮችና የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ማግለሉን ነው። እውነታቸውን ነው፤ የ1946 (እ.ኤ.አ.) የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን በግልጽ ከተፈጻሚነት ወሰኑ አውጥቷቸዋል። ሆኖም የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የቤት ውስጥ አገልግሎትን ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ትቶታል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነበር። በጎንደር መኖሪያ ቤቶች ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ስለ ሰዓቷና ስለ ዕረፍቷ የምትጠቅሰው ሕግ በዋናነት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 የሚናገረው ስለ ስደተኛዋ ብቻ ሳይሆን ስለዚህችም ልጅ ነው። ለሪያድና ለቤይሩት የሚቀርበው ጥያቄ ለምን ወደ አገር ቤት ተመልሶ አልመጣም? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ጽሑፍ እኔ በደስታ አነበዋለሁ።

ምላሽ፤ በምዕራብ ጎንደር ከሚሠራ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ

የመምህሩን ሐሳብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲከተሉ የሰጡዎት ምክር ግማሹን ሰው ያስቀርብዎታል። የኤጀንሲ ዋስትናም ሆነ የአሠሪ ተጠያቂነት የሚሠራው በኮንትራት ለሄደች ሴት ነው። አዋጅ 923 እንደወጣ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ይጠይቅ ነበር፤ ከቆላው ወረዳዎች የምትመጣ ብዙ ልጅ ደግሞ ያን አታሟላም። የእርሷ መንገድ ከአዘዞ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው ነው፤ ከዚያ በሱዳን በኩል ያለችው ገላባት፣ ከዚያ ካርቱም፣ አንዳንዴም ከዚያ ወዲያ። በመንገዱ ላይ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ወቅታዊ ሠራተኛና ድንበር ለመሻገር የምትሄደው ልጅ በአንድ መኪና ስለሚጓዙ ማን ስደተኛ ማን የቀን ሠራተኛ እንደሆነ በኬላ ላይ ቆሞ መለየት አይቻልም። ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ የተሻገረ፣ ሊሻገር ሄዶ ሰሊጥ ሲያጭድ የቀረም አለ።

እነዚህ ሰዎች ለሕግ የሚታዩት በሌላ አዋጅ ነው፤ በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ማለት ነው። ያም አዋጅ የሚያውቃቸው እንደ ወንጀል ተጎጂ እንጂ እንደ ሠራተኛ አይደለም። ከአንድ ቀበሌ የወጡ ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ዓይነት ቤት፣ በአንድ ዓይነት ደመወዝ ሠርተው ሲመለሱ አንዷ ደመወዟን ልትጠይቅ የምትችል ሠራተኛ ትሆናለች፤ ሌላዋ ግን ምክር፣ ጊዜያዊ መጠለያና ጥቂት የማቋቋሚያ ድጋፍ የሚሰጣት ተጎጂ ሆና ትቀራለች። ለሁለተኛዋ ያልተከፈላትን ደመወዝ የሚያነሳላት የለም። ስለዚህ የመተማው መንገድ ከጥናትዎ ቢወጣ የሚቀርብዎት አንድ መንገድ ብቻ ሳይሆን ንጽጽሩ ራሱ ነው። ለነገሩ መንገዱም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በመተማ የሚገባው ሰው የሚወጣውን ያስናቀበት ጊዜ ነበር። ከገቡት ውስጥ ለዓመታት በካርቱም የሠሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፤ ያኔ የተመዘገቡት እንደ ተፈናቃይ እንጂ ሥራ እንዳጡ ሠራተኞች አልነበረም።

የድርጅቶችን ሰነድ ማንበብዎ ካልቀረ ደግሞ ዘመኑን ይጠንቀቁ። ከበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 እስከ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ባሉት ዓመታት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ መሥራት አይችልም ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈ ሪፖርት ስለ ሥልጠና፣ ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫና ስለ ሥነ ልቦና ድጋፍ ብቻ ቢነግርዎት አይደነቁ፤ የመብት ሥራ የሠራም ቢኖር በግልጽ አይጽፈውም። ሪፖርቱን ብቻ አንብቦ ሙግት አልነበረም ብሎ መደምደም ግን በዚህ ዘርፍ እጅግ የተለመደ ስንፍና ነው።

ምላሽ፤ ከቤይሩት ተመልሳ አሁን በዲግሪ ፕሮግራም ከምትማር

ሁለታችሁም ስለ ሕግ ስትነጋገሩ ሴቶቹ ራሳቸው ያደራጁትን አልፋችሁታል። በሊባኖስ የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ማኅበር መሥርተዋል፤ የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፈጋቸው እንጂ መመሥረቱን አላስቀረም። ከሁለት ዓመት በኋላ እኛ ለእኛ በስደት የተባለውን ቡድን ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሴቶችን በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እያወረዱ ሲሄዱ ምግብ፣ መጠለያና የአውሮፕላን ትኬት ለማግኘት ከሮጡት መካከል እንዲህ ያሉ ቡድኖች ነበሩበት። ወንድሜ በጎንደር የድርጅት ስም የሚጠራልህ ያጣኸው ሙግቱ ስለሌለ አይደለም፤ እዚያ እያለን የምናውቀው ስብስብ ስንመለስ ቀበሌያችን ድረስ አብሮን ስለማይመጣ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተውል። በእነዚህ ስብስቦች የምትገኘው በአብዛኛው እሑድ መውጣት የተፈቀደላት ወይም ከአሠሪዋ ቤት ውጭ የምትኖር ሴት ናት። ቅዳሴ ስታስቀድስ ትተዋወቃለች፣ ዕቁብ ትገባለች፣ ከዚያ ስብሰባ ትሄዳለች። እሑድ የሌላት ሴት በየትኛውም መረብ ውስጥ አትታይም፤ ጥናቶች ግን የታዩትን አነጋግረው ስለሁሉም ይጽፋሉ። ጎንደር ያለው ተመራማሪ እዚህ ላይ ብልጫ አለው፤ እዚያ ተዘግቶባት የኖረችውን እዚህ ቤቷ ሊያገኛት ይችላል።

ማኅበራዊ ፖሊሲን በተመለከተ ደግሞ ሙግቱ የሚያልቀው ቦሌ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄዎቹ ደመወዝ፣ ፓስፖርትና ትኬት ናቸው። ሴትየዋ ከገባች በኋላ ያለው ጉዳይ የማንም አጀንዳ አይደለም። ዕድሜዋን በሰው ቤት አሳልፋ ስትመለስ የጡረታ መዋጮ የተቆጠረላት ዘመን የለም። ልጇን ያሳደገችው አያት ለዚያ አገልግሎቷ በየትኛው የድጋፍ ዝርዝር ገባች? በጤና መድኅንም ይኸው ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ያለው ፎገራ ነበር፤ ምዝገባውም በቤተሰብ ነው። ውጭ ያለችው ልጅ የምትልከው ገንዘብ የቤተሰቡን መዋጮ ይከፍላል፤ እርሷ ራሷ ታምማ ስትመለስ በማን መዝገብ ትታከማለች? ይህን በአንድ ቀበሌ ውስጥ ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅ ይቻላል፤ ጄኔቫ መሄድ አያስፈልግም።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ያልተከፈለ ደመወዝን እንደ አንድ ጥያቄ ይዤ በኮንትራት የሄዱትንና በመተማ የወጡትን በማነጻጸር ልቀጥል ወስኛለሁ፤ የጤና መድኅኑን ጥያቄ ደግሞ ከተመለሱ በኋላ ያለውን ክፍል እንዲሸከምልኝ አስገባዋለሁ። በአገር ውስጥ ስላሉት የቤት ሠራተኞች የተነሳው ሐሳብ የሚማርክ ቢሆንም በአንድ ማሟያ ጽሑፍ የሚቻል አልመሰለኝም። አንድ ነገር ይቀረኛል። አሁንም ውጭ ያሉትን በስልክ ማነጋገር እፈልጋለሁ፤ በክልሉ ካለው ግጭት የተነሳ ደግሞ ወደ መተማ መውረዱን ለጊዜው አላስበውም። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ምን ብዬ ላቅርብ?

ምላሽ፤ ከቤይሩት ከተመለሰችው

ስልኩ የማን እንደሆነ ሳታውቅ አትደውል። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ኢሞ የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ስልኩን ማዳሟ የምትይዝባት ወይም የምትፈትሽባት አለች። መጀመሪያ እኅቷ ወይም እናቷ ትጠይቅልህ፤ እርሷም የምትችልበትን ሰዓት ራሷ ትምረጥ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቤቱ ከተኛ በኋላ ስለሆነ አንተም ማምሸት ይጠበቅብሃል። ጥያቄህን በድምፅ መልእክት ላክላትና መልሷን ስትልክልህ ገልብጠህ ከእርሷም ከአንተም ስልክ ላይ አጥፉት። ፈቃዷን በፊርማ ሳይሆን በድምፅ እንደምትቀበል፣ የአሠሪዋን ስምና የምትኖርበትን ሰፈር እንደማትመዘግብ ለኮሚቴው በግልጽ ጻፍ። ደላላ እንዲያገናኝህ ግን አትፍቀድ፤ በደላላ በኩል ያገኘሃት ሴት ስለዚያ ደላላ እውነቱን አትነግርህም። ደግሞም ደመወዟን ልታስመልስላት እንደምትችል አድርጋ እንዳታስብ ከመጀመሪያው ንገራት፤ ለማን ማመልከት እንደምትችል የምታሳይ አንድ ገጽ ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅተህ ለቤተሰቧ ብትሰጥ ግን ኮሚቴው የሚቃወምህ አይመስለኝም።