«ሙቀት አማቂ» ነው «ሙቀት አሟቂ»?

የቡና አገር ልጅ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከጅማ ነኝ። ለቡና ገበሬዎች ስልጠና ባነር ሳዘጋጅ «ሙቀት አማቂ ጋዞች» ብዬ ብሰጥ፣ የማተሚያ ቤቱ ልጅ «አሟቂ ነው የሚባለው» ብሎ አርሞ ላከልኝ። ሙቀትን የሚያሞቅ ማለት ነው ወይስ ሌላ? ነገ ጠዋት ስለሚታተም ቶሎ በሉልኝ።

ቅኔ ቀማሽ፦ ልጁን ተይው እህቴ። ከ«ሞቀ» ቢሆን ኖሮ «አሟቂ» ይሆን ነበር፤ ቆመ፣ አቆመ፣ አቋሚ እንደምንለው። «አማቂ» ግን እንደ «አወቀ፣ አዋቂ» ሆኖ ከ«አመቀ» የወጣ ነው። የታመቀ አየር፣ የታመቀ ብሶት፣ እምቅ ኃይል የምንለው።

ጠመኔ፦ ፊዚክሱም ከ«አማቂ» ጋር ነው። ጋዞቹ ጋቢ እንጂ እሳት አይደሉም። ጋቢ የራስሽን ሙቀት ይይዝልሻል እንጂ ከየት አምጥቶ ያሞቅሻል? የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ መሬትን ያሞቃል፤ መሬት ደግሞ ሙቀቱን በማይታይ ጨረር ትለቃለች። የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ያንን ጨረር ውጠው ከፊሉን ወደ ታች ይመልሱታል። እነሱ ባይኖሩ የምድር አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች 18 ገደማ በሆነ ነበር። ጣጣው በጋቢው ላይ ቡሉኮ መደረባችን ነው፦ ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከሚሊዮን እጅ 280 የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ 420ን አልፏል።

የኔታ ዘቆሎ፦ «ዐመቀ» በዐይኑ ዐ ነው! በግዕዝ ጠለቀ፣ ጥልቅ ሆነ ማለት ነው። ዳዊት የደገመ 129ኛውን ያስታውስ፤ «እምዕመቅ» ይላል። ስለዚህ ሙቀትን ወደ ጥልቅ የሚያሰምጥ ማለት ነው። በአልፋው የጻፋችሁ ሁሉ ንስሐ ግቡ።

ቅኔ ቀማሽ፦ የኔታ፣ በአክብሮት፤ መጥለቅና መጠቅጠቅ ምን አገናኛቸው? ጆንያ ውስጥ ቡና ረግጠው ሲያምቁ ጆንያው ይጠልቃል እንዴ?

የኔታ ዘቆሎ፦ አንተ ጉባኤ ቤት ስንት ዓመት ተቀመጥክ? እኔ ለቅኔ ብቻ የስንት መንደር ውሻ ነክሶኛል።

ሰርክ አዲስ፦ እኔስ «የአረንጓዴ ቤት ጋዝ» የሚል ትርጉም አንብቤ፣ ችግኝ ተከላ መስሎኝ ይብዛልን ብዬ ነበር 😂

የቡና አገር ልጅ፦ ኧረ ባነሩ! እሺ፣ ምሳሌዬን እዩልኝ። ዝናብ ሲመጣ የማድረቂያ አልጋው ላይ ያለውን ቡና ላስቲክ እናለብሰዋለን። ፀሐይ ወጥታ ሳይገለጥ ከቆየ፣ እጅ ሲገባ እንፋሎቱ ይጋረፋል፤ ላስቲኩም ከውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ይሆናል?

ጠመኔ፦ ለመግቢያ ይሆናል። ግን ላስቲኩ በዋናነት የሞቀው አየር ሽቅብ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ጋዞቹ ጨረሩን ነው የሚይዙት። የፈረንጁ ስም «ግሪንሃውስ» (ተክል የሚያበቅሉበት የመስታወት ወይም የላስቲክ ቤት) ራሱ በዚህ ያሳስታል፣ የእኛው «አማቂ» ይበልጠዋል ባይ ነኝ።

ሰርክ አዲስ፦ «አፋኝ» ብንለውስ? ገበሬው ቶሎ ይገባዋል።

ቅኔ ቀማሽ፦ የታፈነ ይሞታል፣ የታመቀ ቀን ይጠብቃል። አንድ አይደሉም።

የኔታ ዘቆሎ፦ የታመቀም፣ የጠለቀም ያው ነው። በዐይኑ ነው አልኩ።

የቡና አገር ልጅ፦ ታትሞ መጣ። ልጁ አማቂውንም አሟቂውንም ትቶ «ሙቀት አማጭ ጋዞች» ብሎታል።

ሰርክ አዲስ፦ ካርቦን ሽማግሌ ተልኮ ነዋ! ጥሎሹ ስንት ነው?

የኔታ ዘቆሎ፦ «አማጭ»ስ ቢሆን በየትኛው አ ነው የጻፈው?