የድሮ አምፑሎቼን በኤልኢዲ ልቀይር ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቤታችን አምፑሎች አብዛኞቹ አሁንም የድሮዎቹ፣ ሲበሩ እጅ የሚያቃጥሉት ባለ ክር አምፑሎች ናቸው። ወደ ኤልኢዲ ልቀይራቸው ብዬ በኮሪደሩ ጀመርኩ። ግን ሁለት ነገር ገጠመኝ። ማብሪያ ማጥፊያውን ካጠፋሁ በኋላም አምፑሉ ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ብርሃኑ ደግሞ በጣም ነጭ ስለሆነ እናቴ አልወደደችውም፤ "ሆስፒታል ያለሁ ይመስለኛል" ትላለች።

የቀሩኝ እነዚህ ናቸው። ሳሎን በዲመር (ብርሃኑን ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ማብሪያ) የሚሠሩ ሦስት ባለ 60 ዋት አሉ። ወጥ ቤት በመስታወት ክዳን የተዘጋ ባለ 100 ዋት አለ። እናቴ ልብስ የምትሰፋበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ባለ 60 ዋት አለ። ዕቃ ቤትም አንድ አለ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዛቱ ግራ ያጋባል። የቱን አይቼ ልግዛ? ሁሉንም ባንዴ ልቀይር ወይስ በተቃጠለ ቁጥር?

ኤሌክትሪሺያኑ፦

መጀመሪያ ስለ ኮሪደሩ። ማብሪያ ማጥፊያው ጨለማ ውስጥ የምትታይ ትንሽ መብራት አለችው? ካለችው ምክንያቱ እሷ ናት። እሷ እንድትበራ ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፑሉ በኩል ያልፋል። ባለ ክሩ አምፑል በዚህ መጠን አይበራም፤ ኤልኢዲ ግን በጣም ትንሽ ስለሚበቃው ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ አንዳንዴም ብልጭ ድርግም ይላል። መብራት የሌለው ማብሪያ ማጥፊያ ሲገባለት ነገሩ ያበቃል።

መብራት ከሌለው ግን በደንብ ይታይ። አንዳንድ ቤት ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) መሆኑ ቀርቶ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ይሆናል። ያኔ አምፑሉ ጠፍቶም መያዣው ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። አምፑል ልቀይር ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ይህን ባለሙያ በቴስተር አይቶ ያስተካክለው። እስከዚያው አምፑል የምትቀይረው ብሬከሩን አውርደህ ብቻ ይሁን። ሌላው ምክንያት ረጅም ርቀት ጎን ለጎን የተዘረጉ ሽቦዎች ናቸው። እሱ አደጋ የለውም።

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ ግራ ያጋባህ ዋቱ ነው። ዋት የሚነግርህ አምፑሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይደለም። ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ባለ ክሩ አምፑል ከሚበላው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ነው የሚጥለው። ለዚህ ነው እጅ የሚያቃጥለው።

የድሮው 40 ዋት ወደ 450 ሉመን ይሰጣል። 60 ዋቱ ወደ 800፣ 75 ዋቱ ወደ 1100፣ 100 ዋቱ ወደ 1600 ሉመን። 800 ሉመን ለማግኘት ለኤልኢዲ 8 ወይም 9 ዋት ይበቃዋል። ማሸጊያው ላይ "60 ዋት ይተካል" የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ እለፈውና ሉመኑን ፈልግ። እዚያው ላይ 500 ሉመን ብቻ ተጽፎ ካየህ 60 ዋት አይተካም።

ስለ ቁጠባው እንዲህ አስላው። 60 ዋት በ9 ሲተካ 51 ዋት ይተርፋል። በቀን 5 ሰዓት ከበራ በዓመት ወደ 93 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ከአንድ አምፑል። ዕቃ ቤት ያለው ግን በቀን አምስት ደቂቃ ቢበራ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በሚበሩበት ሰዓት ልክ አድርገው። ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ የእናትህ ጠረጴዛ ይቅደሙ። ዕቃ ቤቱ እስኪቃጠል ይቆይ።

ቤተኛ፦

እኔ ባንዴ መቀየሩን እመርጣለሁ። ቢያንስ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን። የተለያየ ጊዜ የተገዛ አምፑል ቀለሙ አይገጥምም። ሁለቱም ላይ 2700 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) ተጽፎ እንኳ አምራቹ ከተለያየ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ሮዝ ያደላ ሊመስል ይችላል። ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን ሲሆኑ ያስታውቃል።

ጡረተኛ መምህር፦

ልክ ነህ፣ በዚህ እስማማለሁ። ክፍሎቹን በሰዓታቸው ይደርድር፤ አንድ ክፍል ግን ባንዴ ይቀየር።

ሰዓሊት፦

ስለ ቀለሙ እኔ ልጨምር፤ እናትህ እውነታቸውን ነው። የገዛኸው ምናልባት 6500 ኬልቪን ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የለመዱት የድሮው አምፑል ወደ 2700 ነው። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት ከ2700 እስከ 3000 ያለውን ግዛ። ለወጥ ቤት 4000 ጥሩ ነው፤ ነጭ ነው ግን አይን አይወጋም።

የልብስ ስፌቱ ጠረጴዛ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እዚያ የሚያስፈልገው ብዛት ያለው ብርሃን ብቻ አይደለም፤ ቀለምን በትክክል የሚያሳይ ብርሃን ነው። ማሸጊያው ላይ ሲ አር አይ የሚባል ቁጥር አለ። ጣሪያው 100 ነው፤ ባለ ክሩ አምፑል ለዚያ በጣም ይቀርባል። ብዙ የኤልኢዲ አምፑሎች 80 አካባቢ ናቸው። 80 ለኮሪደር ይበቃል። ክር ከጨርቅ ጋር ለሚያመሳስል ሰው ግን አይበቃም። በተለይ ቀይና ቡናማ ነገር ደብዝዞ ይታያል፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክርም ይምታታል። ለእናትህ 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፈልግላቸው፤ ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል። ሉመኑንም ከፍ አድርገው፤ ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ብዙ ብርሃን ይፈልጋል። 800 የነበረውን 1100 ብታደርገው የሚበላው ኃይል አሁንም ከድሮው በብዙ ያነሰ ነው።

ከመግዛትህ በፊት ከተቻለ አስበራና በስልክህ ካሜራ እየው። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች በኃይል የሚሯሯጡ ከሆነ አምፑሉ ይርገበገባል ማለት ነው። በዓይን ባይታይም ረጅም ሰዓት አጎንብሶ ለሚሠራ ሰው ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦

ዲመሩን እንዳትረሳው። ሳሎን ላይ ብዙ ሰው የሚናደደው በሱ ነው። የድሮ ዲመር በደንብ የሚሠራበት ዝቅተኛ ጭነት አለው፤ አንዳንዱ 40፣ አንዳንዱ 60 ዋት። ሦስቱ አምፑሎችህ ድምራቸው 180 ዋት ነበር። ኤልኢዲ ሲሆኑ 27 ዋት ብቻ ይሆናሉ። ዲመሩ ጭነት አጥቶ ይቆራረጣል፣ ወይም አምፑሎቹ ይጮኻሉ፣ ዝቅ ስታደርጋቸውም ድንገት ይጠፋሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልግሃል። አንድ፣ "በዲመር ይሠራል" የሚል አምፑል። ያልተጻፈበትን ዲመር ላይ ብታስገባው ቶሎ ሊበላሽ ይችላል። ሁለት፣ ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመር። ዲመሩን የማትጠቀምበት ከሆነ አስወጣውና ተራ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባ፤ ወጪም ይቀንስልሃል።

የወጥ ቤቱ ሌላ ነው። ኤልኢዲ አይሞቅም የሚባለው ፊቱ ነው። ከበስተኋላው፣ መያዣው አጠገብ ይሞቃል። እዚያ ውስጥ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ ሙቀት አይወድም። በመስታወት ክዳን ሲታፈን አየሩ አይንቀሳቀስም። 15,000 ሰዓት የተባለለት አምፑል ያለ ጊዜው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ግን "ኤልኢዲ አይረባም" ብሎ ይደመድማል። 100 ዋት የሚተካው ባለ 15 ዋት ኤልኢዲ ደግሞ ከትንንሾቹ የበለጠ ይሞቃል። ወይ ክዳኑን አንሳው፣ ወይ ለተዘጋ ዕቃ እንደሚሆን የተጻፈበትን ፈልግ፣ ወይ ሙሉውን አውርደህ ራሱን የቻለ የኮርኒስ ኤልኢዲ ግጠም። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ።

ከመሄድህ በፊት የአምፑሉን እግር እይ። ተለቅ ያለው የሚጠመዘዘው ኢ27 ነው፤ ቀጭኑ ኢ14። ተገፍቶ ዞር የሚለው ባለ ሁለት ጆሮው ቢ22 ነው። የድሮውን ይዘህ ብትሄድ አትሳሳትም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማብሪያ ማጥፊያው እውነትም ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ እሷ ናት ማለት ነው። ለእናቴ ባለ 90ውን ነገ እፈልጋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። መታጠቢያ ቤት የተጠማዘዘ ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት አለ፤ እሱንስ ዝም ብዬ ልጣለው? የምድጃው ውስጥ አምፑልስ በኤልኢዲ ይቀየራል?

ኤሌክትሪሺያኑ፦

የምድጃውን አትንካው። እዚያ ውስጥ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ የኤልኢዲ ሰርኪዩት አይችለውም። ሲቃጠል ለምድጃ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ባለ ክር አምፑል ነው የሚገባለት።

ሰዓሊት፦

የተጠማዘዘው ውስጥ ጥቂት ሜርኩሪ አለ። ከተራ ቆሻሻ ጋር አትቀላቅለው፤ የተበላሹ ኤሌክትሮኒክሶች የሚሰበሰቡበት ቦታ ካለ ለዚያ ስጠው። ስትፈታው የመስታወቱን ጠምዛዛ ሳይሆን የፕላስቲኩን ግንድ ያዝ። ከተሰበረ መስኮት ክፈትና ሁላችሁም ለ10 ደቂቃ ያህል ከክፍሉ ውጡ። ከዚያ በመጥረጊያም በቫኪዩምም አትጥረገው፤ ዱቄቱን ይበትነዋል። ስብርባሪውን በደረቅ ካርቶን አፍሰው፣ የቀረውን በፕላስተር እያጣበቅህ አንሳ፣ ወለሉን በእርጥብ ወረቀት ጥረግ። ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ አሽገህ ከቤት አውጣው።