ሎስ አንጀለስን ያለ መኪና፣ ብቻዬን፦ የት ልረፍ?

ሰላም እህቶቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ለ6 ቀን ብቻዬን ሎስ አንጀለስ ልሄድ ነው። መንጃ ፈቃድ የለኝም። ካርታው ላይ ቅርብ የመሰለኝ ሁሉ ሩቅ ሆኖብኛል። ከዳውንታውን ወደ ሳንታ ሞኒካ የኢ መስመር ባቡር አለ፤ ወደ ሆሊውድ ደግሞ የቢ መስመር። ቀን ቀን ችግር የለም። የጨነቀኝ ማታው ነው። ከጣቢያ ወርጄ፣ እግረኛ በማይታይበት ሰፊ መንገድ ዳር ብቻዬን መሄድ በጣም ያስፈራኛል። ሳንታ ሞኒካ ባርፍ ለባሕሩ እቀርባለሁ። ግን ኮረብታ ላይ ያለው የከዋክብት መመልከቻ፣ ግሪፍዝ ኦብዘርቫቶሪ፣ ይርቀኛል፤ ከተማውን ከዚያ ላይ በማታ ሳላይ መመለስ አልፈልግም። ወደዚያ ከቨርሞንት ሰንሴት ባቡር ጣቢያ ዳሽ የሚባለው አውቶቡስ ይወስደኛል። ስመለስስ? ከላይ ጀምሬ ኡበር ልያዝ? ብቻችሁን የሄዳችሁ፣ የት አረፋችሁ? ማታስ በምን ገባችሁ? ሆቴሉን እስከ ዓርብ መያዝ አለብኝ፣ እባካችሁ።