«ታሪካዊ ጠላት» ማለት ማን ነው?

የጀጎል ልጅ፦ ትናንት አንድ ባለሥልጣን እዚህ ሐረር ስብሰባ ላይ ግብፅን «ታሪካዊ ጠላታችን» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ደሜ ፈላ። ወንድሜ ካይሮ ነው የሚኖረው። ቤት ያከራየችው ሴትዮ ጠላቴ ናት?

ሸዋ በር፦ አቦ ተው! ሐረር ተቀምጠህ? የግብፁ ጦር አዛዥ ራኡፍ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1875 ገብቶ የሐረሩን አሚር ሙሐመድን አስገደለ። አስር ዓመት ገዙን። ከዚህ በላይ ምን ታሪክ አለ?

የጀጎል ልጅ፦ ራኡፍን የላከው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ነው። የግብፅን ገበሬ ማን ጠየቀው? «ታሪካዊ» ስትል እኮ የዛሬውን ልጅ በዚያን ዘመን ገዢ ዕዳ እየያዝከው ነው።

ኤረር በር፦ የእነሱስ ንግግር? እ.ኤ.አ. በ2013 ፖለቲከኞቻቸው ፕሬዚዳንታቸው ሞርሲ ፊት ተቀምጠው የሕዳሴ ግድቡን እንዴት እንደሚያበላሹ ሲመክሩ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ ሞርሲ የዓባይ ውሃ በአንዲት ጠብታ ቢቀንስ አማራጩ ደማችን ነው አለ። እኛን ምን አስመሰለን?

የጀጎል ልጅ፦ እኔስ ምን አልኩ! ያን ሰሞን ወንድሜ ታክሲ ያዘ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ «ሐበሻ ነህ? በውሃ ጥም ልትጨርሱን ነው?» አለው። ሲወርድ መልሱን እጁ ላይ አላስቀመጠለትም፣ ወንበሩ ላይ ወረወረለት። ያ ሰው ኢትዮጵያን አያውቃትም። የሚያውቀው የሰማውን ንግግር ነው። እኛም እንደዚያው ልንሆን ነው።

ፈላና በር፦ እ.ኤ.አ. በ2018 ዐቢይ ካይሮ ሄዶ ግብፅን አንጎዳም ብሎ በዐረብኛ «ወላሂ» ሲል ሁላችንም ወንድማማች ነን ብለን ነበር። «ታሪካዊ» የሚባለው ጠላትነት ያኔ የት ሄዶ ነው?

ሸዋ በር፦ እህቴ፣ መሐላ ሌላ፣ ሥራ ሌላ። ግድቡ መጋቢት 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 2017 ተመረቀ። ያን ሁሉ ዓመት በየመድረኩ ስማችንን ያጠፋው ማን ነው?

የጀጎል ልጅ፦ መንግሥታቸው። ታዲያ መንግሥታቸው በል! «ግብፅ» አትበል።

ፈላና በር፦ ታሪክ ከተባለ ደግሞ ሙሉውን እንቁጠር። ግብፆች ወጥተው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጨለንቆ መጣ፤ የምኒልክ ጦር የሐረርን አሚር ድል ያደረገበት ጦርነት።

ሸዋ በር፦ ጨለንቆን እዚህ አታምጪ! እሱ የቤታችን ጉዳይ ነው።

ፈላና በር፦ ለምን አላመጣም? የሞተው ሰው አይደለም?

ኤረር በር፦ ጨለንቆን ለሌላ ቀን አቆዩት። ስለ ሞርሲ ጠይቄ ነበር፤ ማንም አልመለሰልኝም።