ዲቪዥን አንድ 25 በመቶ ወይስ ዲቪዥን ሦስት? ለሯጭ ልጄ ምክር እፈልጋለሁ

እናት ከሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ገባች። 1600 እና 3200 ሜትር ትሮጣለች፤ በ3200 ምርጥ ሰዓቷ 10:52 ነው። ሦስት የኮሌጅ አሠልጣኞች ይፈልጓታል፤ ኮሌጆቹ በተለያየ የስፖርት ምድብ (ዲቪዥን) ነው የሚወዳደሩት፣ ከፍተኛው ዲቪዥን አንድ ነው። የዲቪዥን አንዱ ከ58,000 ዶላር የዓመት ወጪ 25 በመቶውን እንችላለን ብሏል። የዲቪዥን ሁለቱ ከ42,000 ላይ 40 በመቶ። የዲቪዥን ሦስቱ ለሩጫ ምንም አንሰጥም አለ፤ ወጪው ደግሞ 80,000 ይደርሳል። አባቷ ታክሲ ነው የሚሠራው፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ነኝ። እሷ ኢንጂነሪንግ ነው ፍላጎቷ። ዘመድ ሁሉ «ዲቪዥን አንድ ተገኝቶ ምን ያሳስብሻል?» ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች አባት፣ ቨርጂኒያ፦
እህቴ፣ በመቶኛውን ተዪውና ከኪሳችሁ የሚወጣውን አስቢ። ዲቪዥን አንዱ ጋ 43,500፣ ዲቪዥን ሁለቱ ጋ 25,200 ይቀራችኋል። ዲቪዥን ሦስት በስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት አይፈቀድለትም እንጂ በቤተሰብ ገቢና በትምህርት ውጤት ይሰጣል። ለአሠልጣኙ «የፋይናንሻል ኤይድ ፕሪ ሪድ ይሠራልን» በሉት። ታክሳችሁን አይተው ግምቱን ይነግሯችኋል። ለእኛ ልጅ 79,000 የተባለው 19,000 ሆኖ ነው የመጣው። ሁሉም ኮሌጅ ግን እንዲህ እጁ የተፈታ አይደለም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ባለቤትሽ በግሉ ከሠራ፣ አንዳንድ ኮሌጆች በታክሱ ላይ የተቀነሰውን የመኪና እርጅና መልሰው ገቢ ላይ ይደምሩታል። ቀድማችሁ ጠይቁ።

የቀድሞ ሯጭ፦
እኔ ዲቪዥን አንድ ሮጬአለሁ፣ አልጸጸትም። ግን የረጅም ርቀት ሯጭ እረፍት የለውም፤ ክሮስ ካንትሪ ሲያልቅ የቤት ውስጥ ውድድር፣ ከዚያ የሜዳው ይቀጥላል። ሕጉ ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ የአውቶቡስ ጉዞና የጉዳት ሕክምና ግን አይቆጠርም። የኬሚስትሪ ላቤ ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ ቡድኑ የሚነሳውም ሐሙስ ከሰዓት። አንድ ሴሚስተር ሙሉ አስተማሪዬን ስለምን ኖርኩ። ስለዚህ አሠልጣኙን «አሁን ቡድኑ ውስጥ ስንት የኢንጂነሪንግ ተማሪ አለ?» ብላ ትጠይቀው። 25 በመቶው በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑንም በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በሁለተኛ ዓመቴ እግሬ አጥንት ላይ ስንጥቅ ሲወጣ የዚህን ጥያቄ ዋጋ አይቼዋለሁ።

ከኮሎራዶ፦
ዲቪዥን ሁለትን አትናቁ። እዚህ አላሞሳ ያለው አዳምስ ስቴት ዲቪዥን ሁለት ሆኖ በረጅም ርቀት ስሙ የገነነ ነው። የስፖርቱ ገንዘብ ላይ የውጤት ስኮላርሺፕ የሚደርብ ትምህርት ቤትም ብዙ ነው። ብቻ ኢንጂነሪንግ መኖሩን አረጋግጡ፤ የሌላቸው አሉ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ትክክል ነው። «ዲቪዥን ሦስት ሰነፍ ነው» ለሚሉሽ ዘመዶች ደግሞ ኤምአይቲ እና ጆንስ ሆፕኪንስ በሩጫ ዲቪዥን ሦስት መሆናቸውን ንገሪልኝ። የሆፕኪንስ ሴቶች በክሮስ ካንትሪ ደጋግመው የአገር አቀፍ ዋንጫ ወስደዋል። ሃርቫርድና የል ደግሞ ዲቪዥን አንድ ሆነው በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም።

እናት ከሜሪላንድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ፕሪ ሪድ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ልጄ ማታ ራሷ ለአሠልጣኙ ጻፈችለት፣ ጠዋት ፎርሙን ላከላት። የየትኛውን ዓመት ታክስ ነው የምናስገባው?

የሁለት ልጆች አባት፦
አብዛኛውን ጊዜ ኮሌጅ ከምትገባበት ዓመት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ያለውን። ከአሠሪ የሚሰጣችሁን ደብሊው ቱ (የዓመት ደመወዝ መግለጫ)፣ ባለቤትሽ በግሉ ከሠራ ደግሞ ስኬጁል ሲውን (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የታክስ ፎርም) አያይዙ።