ፀሐይ በሚያቃጥለው ግቢዬ ምን አበባ ልዝራ?

ጠያቂ፣ ከሄርማታ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሄርማታ ነዋሪ ነኝ። ከበሬ ፊት ለፊት 2 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የአበባ መደብ አለኝ። ከጎኑ ሲሚንቶው ላይ ለሁለት የተቆረጡ አምስት ጀሪካኖች ደርድሬያለሁ። ጥላ የሚባል ነገር የለም፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ይነድዳል። በኅዳር ኢምፓሸንስ ገዝቼ ተክዬ ነበር። ቀን ቀን ጠውልጎ ሳየው አንጀቴ እየተላወሰ በቀን ሦስት ጊዜ አጠጣሁት፤ ታኅሣሥ ሳያልቅ ግንዱ በስብሶ ተኛ። ልጄን የምድረው በዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ያን ቀን ግቢዬ አብቦ እንግዳ እንዲቀበል እፈልጋለሁ። አሁን ጥር እየወጣ ነው። በርካሽ፣ ከዘር የሚበቅል ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከጅሬን

እንኳን ደስ አለዎት እናቴ! ለመደቡ ዚኒያ ይዝሩ። አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ፀሐይ ይወዳል። ችግኝ ማፍላት አያስፈልግም፣ ሥሩ ሲነካካ ስለሚከፋው እዚያው መደቡ ላይ መዝራት ይሻላል። በሳምንት ውስጥ ይበቅላል፣ በሁለት ወር ገደማ ያብባል። አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ይቀንጥቡት፤ ቅርንጫፍ አብዝቶ ይሰፋል። ያረጀውን አበባ ቶሎ ቶሎ ከቀጠፉለት ማበቡን አያቆምም።

መልስ፣ ችግኝ አፍዪ

ስለ ኢምፓሸንስዎ አዝኛለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም። ኢምፓሸንስ የጥላ አበባ ነው፤ የሸጠልዎ ሰው ሊነግርዎ ይገባ ነበር። ለወደፊቱ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ተክል በቀትር የሚጠወልገው ሁልጊዜ ጠምቶት አይደለም፤ ቅጠሉ የሚያወጣውን ውሃ ሥሩ ቶሎ መተካት ሲያቅተው አፈሩ ረጥቦም ይጠወልጋል። ጣትዎን ሁለት አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ ይክተቱ። እርጥብ ከሆነ አያጠጡ። ደረቅ ከሆነ ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን፣ እስኪጠግብ ያጠጡ።

የጅማ አየር እኮ ያን ያህል ሙቅ አይደለም። ሥሩን የሚቀቅለው የጋለው ሲሚንቶ ነው። ጀሪካኖቹን በጡብ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ሥራቸው ቀዳዳ ከሌለውም በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉና ፖርቱላካ ይዝሩበት። ቅጠሏ ወፍራም ስለሆነ ውሃ ታጠራቅማለች። ዘሯ ከጤፍም ያነሰ ነው፤ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቀው ይበትኑት፣ በመዳፍዎ ጫን ጫን ያድርጉት፣ አፈር ግን አያልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ፖርቱላካ አመሻሽ ላይና ደመና ሲሆን አበባዋን ትዘጋለች። ሠርጉ የማታ ከሆነ ዓይን የሚስበው ዚኒያው ነው።

መልስ፣ ከኮቺ

ፔቱኒያስ? እኔ ጋ በጥር ግድግዳውን ሞልቶ ሲታይ ልብ ይሰርቃል።

መልስ፣ ችግኝ አፍዪ

በጥር እውነት ነው። ከመጋቢት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ግን ትልልቁ አበባ ውሃ ጠጥቶ እንደ እርጥብ ወረቀት ይጣበቃል። ሠርጉ ዝናብ ውስጥ ስለሚገባ፣ ፔቱኒያ ከተተከለ በረንዳ ጣሪያ ሥር ይሁን።

መልስ፣ የግብርና መምህር

ዚኒያንም ዝናቡ ይፈትነዋል፤ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ይወጣበታል። ነፋስ እንዲያልፍ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ያራርቁት። መደቡን በዚኒያ ብቻ አይሙሉት፤ ግማሹን ኮስሞስና ጎምፍሬና ያድርጉት። ኮስሞስ ቀኑ ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው፤ እኛ ጋ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ስለሚቀራረቡ ተክሉ ቁመቱ ገና አጭር ሳለ ያብባል። ፍግ አያብዙበት፣ ቅጠል ብቻ ይሆንብዎታል። ጎምፍሬና ተቀጥፎ ቢደርቅ እንኳ ቀለሙን አይለቅም፤ ለሠርግ ጉንጉን ከእርሱ የሚሻል አላውቅም።

ሌላው የቡና ገለፈት ነው። ከተማችን ሞልቶታልና ሰው ትኩሱን ከአፈር ጋር ይቀላቅለዋል። አይሆንም! ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን፣ ቅጠል የሚያለመልመውን ምግብ፣ ከተክሉ ይሻማል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ወራት ከርሞ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ይጠቀሙበት።

ጠያቂ፣ ከሄርማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎረቤቴ የቪንካ ችግኝ ልስጥሽ ብላኛለች፤ ልውሰድ? የልጅ ልጆቼ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ።

መልስ፣ የግብርና መምህር

ቪንካ ሙቀትና ድርቀት በደንብ ይችላል፤ ውርጭ በሌለበት እንደ ጅማ ባለ ቦታም ከዓመት ዓመት ይዘልቃል። ነገር ግን መርዛማ ነው። ለካንሰር ሕክምና የሚውሉት ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የተገኙት ከእርሱ ነው። ያገኙትን ወደ አፋቸው የሚከቱ ሕፃናት ካሉ ይቅርብዎት።

ጠያቂ፣ ከሄርማታ

እንግዲያው ይቅር። ጀሪካኖቹን ዛሬ በሳሁ፤ ጡብም አስመጥቻለሁ። ዚኒያውን ቅዳሜ ሁሉንም ልዝራው?

መልስ፣ ከጅሬን

ግማሹን ቅዳሜ፣ ግማሹን ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዝሩት። የመጀመሪያው ቢቀድምዎት ሁለተኛው ለሠርጉ ይደርሳል።