ጆርጅ ፎርማንን በየትኛው ዘመኑ እንመዝነው?

ጥያቄ (የቡጢ ወዳጅ)

ጆርጅ ፎርማን በ2025 በ76 ዓመቱ ካረፈ ወዲህ ስሙ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ከሁለት ግጥሚያዎች ሲያልፍ አላይም፤ አንዱ በ1974 ኪንሻሳ ላይ በመሐመድ አሊ የተዘረረበት፣ ሌላው በ1994 ላስ ቬጋስ ላይ በ45 ዓመቱ ዳግመኛ የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት ነው (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። 81 ጊዜ ተጋጥሞ 76ቱን ያሸነፈ፣ ከእነዚህም 68ቱን በዝረራ የቋጨ ቡጢኛ በሁለት ግጥሚያ ብቻ መመዘኑ አይዋጥልኝም። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ካጠለቀበት ጊዜ አንሥቶ ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ተጋጠመበት እስከ 1997 ድረስ ያለውን ስንመለከት፣ በመካከሉ የ10 ዓመት ዕረፍት የለያቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች እናገኛለን። የመጀመሪያው ፊቱ የማይፈታ፣ ተጋጣሚዎቹ የሚፈሩት ወጣት ነው፤ ሁለተኛው ጸጉሩን የተላጨ፣ ሳቂታና ተወዳጅ ሰባኪ። ከሁለቱ የትኛው ነው ከከባድ ሚዛን ታላላቆች ተርታ የሚያሰልፈው? እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ዘመኑን በቅርብ የተከታተላችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ (አሥራ አምስት ዙር)

እኔም የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ፎርማን በጥር 1973 ጃማይካ፣ ኪንግስተን ላይ ጆ ፍሬዘርን ሲገጥም፣ ፍሬዘር ሽንፈት ያልቀመሰና ከሁለት ዓመት በፊት አሊን ያሸነፈ ሻምፒዮን ነበር። ያን ሰው ሁለት ዙር ሳይሞላ ስድስት ጊዜ መሬት አስነካው፤ በአንደኛው ምት የፍሬዘር እግሮች ከወለሉ ሲነሡ በፊልሙ ላይ ይታያል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የአሊን መንጋጋ የሰበረውን ኬን ኖርተንን ካራካስ ላይ እንዲሁ በሁለት ዙር ጨረሰው። አሊ ወደ ኪንሻሳ ሲሄድ ብዙ ሰው የሰጋለት ይህን ሁሉ ስላየ ነው። እንግዲህ የአሊን ድል ከታላላቆቹ ድሎች አንዱ እያሉ የተሸነፈውን ሰው ማሳነስ እርስ በርሱ የሚጋጭ ፍርድ ይሆናል። ፎርማን በ1977 በጂሚ ያንግ በነጥብ ተሸንፎ ቡጢን ሲተው ገና የ28 ዓመት ሰው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ካደረጋቸው 47 ግጥሚያዎች የተሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው።

ምላሽ (ከመድረኩ ዳር)

ስለ ሁለተኛው ዘመን በአድናቆት ብዛት የሚታለፉ ነገሮች አሉ። በሂዩስተን ላቋቋመው የወጣቶች ማዕከል ገንዘብ ለማግኘት ብሎ በ1987 ሲመለስ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገጠማቸው አብዛኞቹ ስም ያልነበራቸው ቡጢኞች ናቸው። በ1993 በቶሚ ሞሪሰን በነጥብ ተሸንፎ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ግጥሚያ ሳያደርግ ነው በ1994 ላስ ቬጋስ ላይ ሻምፒዮኑን ማይክል ሙረርን ለዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶ እንዲገጥም የተፈቀደለት። ካሸነፈ በኋላም ካገኛቸው ሁለት ቀበቶዎች አንዱን ቶኒ ተከርን ባለመግጠሙ ተነጠቀ፤ ሌላውን ደግሞ፣ አክስል ሹልዝን ብዙዎች ባልተቀበሉት የዳኞች ውሳኔ ረትቶ ሲያበቃ፣ ድጋሚ ግጥሚያውን እምቢ በማለቱ አጣው። ከማይክ ታይሰንም ሆነ ከሌኖክስ ልዊስ ጋር አልተገናኘም።

ይህም ሆኖ በሁለተኛው ፎርማን ታላቅነት እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ የተሸነፈበት የ1991 ግጥሚያ ነው። ኢቫንደር ሆሊፊልድ ማንም ያልረታው የ28 ዓመት ሻምፒዮን ሳለ፣ ፎርማን በ42 ዓመቱ 12ቱንም ዙር ወደፊት እየገፋ ጨረሰ፤ በየዙሩ መካከል እንኳ በርጩማ ላይ አልተቀመጠም፣ ቆሞ ነበር የሚጠብቀው። ነጥቡ የሆሊፊልድ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከዚያ ግጥሚያ በኋላ መመለሱን ለገንዘብ ብቻ የተደረገ ትርኢት ነው ማለት በእውነት ተገቢ አይደለም።

ምላሽ (ግራ እጅ)

እኔ ሁለቱን ዘመኖች ለያይቶ መመዘን አይቻልም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም የሙረሩ ግጥሚያ ራሱ ነው። በኪንሻሳ አሊ ገመዱን ተደግፎ በክንዶቹ ሲከላከል፣ ፎርማን በዚያ ሙቀት ጉልበቱን ሁሉ በሰፋፊ ምቶች አፍስሶ ከአምስተኛው ዙር በኋላ ክንዱ ዛለ፤ በስምንተኛውም ተዘረረ። ከ20 ዓመት በኋላ በኪንሻሳ የለበሰውን ያንኑ ቀይ ቁምጣ ለብሶ ላስ ቬጋስ ላይ ሲቀርብ፣ ከጎኑ ሆኖ የሚመክረው በ1974 የአሊ አሰልጣኝ የነበረው አንጄሎ ዳንዲ ነበር።

ግራኙ ሙረር ዘጠኝ ዙር ሙሉ በፈጣን እጆቹ ፊቱን ሲደበድበው አልተጣደፈም፤ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ያን ያህል መረጋጋቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በ10ኛው ዙር በግራ እጁ እየነካካ መንገዱን ካበጀ በኋላ፣ ቀኙን ወደኋላ ብዙም ሳይስብ በአጭሩ ሰድዶ አገጩ ላይ አሳረፈው። ሙረር በጀርባው ወድቆ እስከ አሥር ተቆጠረበት፤ ፎርማንም ወደ ጥጉ ሄዶ ተንበርክኮ ጸለየ። ወጣቱ ፎርማን ያን ቡጢ ከሩቅ እያወዛወዘ ይወረውረው ነበር፣ አሊም አስቀድሞ ያየው ነበር። ጉልበቱ የ1973ቱ ነው፤ ጉልበትን ቆጥቦ መጠበቅን ግን የተማረው በኪንሻሳ ከተሸነፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ፎርማን ባይኖር ሁለተኛው የሚጥልበት ቡጢ አይኖረውም፤ ሁለተኛው ባይመጣ ደግሞ የመጀመሪያውን የምናስታውሰው አሊ እንዳሸነፈው ሰው ብቻ ነበር።

የጠያቂው መልስ (የቡጢ ወዳጅ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለቱን ዘመኖች ትስስር እቀበላለሁ፤ ደረጃ ስንሰጥ ግን ሻምፒዮንነትን ጠብቆ የመቆየት ጉዳይ መረሳት የለበትም። ጆ ሉዊስ 25 ጊዜ፣ ላሪ ሆምስ 20 ጊዜ ቀበቷቸውን አስከብረዋል፤ ፎርማን ግን በመጀመሪያው ሻምፒዮንነቱ ከሆሴ ሮማንና ከኖርተን በቀር ያስከበረበት የለም። ስለዚህ ከአሊ፣ ከሉዊስና ከሆምስ በታች አደርገዋለሁ። ከፍሬዘር ግን ያለ ማመንታት በላይ ነው፤ በ1976 ዳግመኛ ሲገናኙም በአምስተኛው ዙር አስቁሞታልና።